የአባቴ ምራት

"ልጄ ሚስት ሳያገባ ምራት አመጣልኝ" እያለ አባቴ ለጠያቂው ሁሉ ያወራ ነበር። ምራት የሚላት የወንድሜን አሮጌ ስኩተር ነው። ቀለሟ በደህናው ጊዜ ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ እኔ የማውቃት ግን ታጥቦ ታጥቦ ያለቀ ልብስ መስላ ነው። ወንድሜ የዕቃ ማድረስ ሥራ ሲጀምር ገዛት። ሻጩ ፊት ላይ የነበረውን ደስታ አይቶ መጠርጠር ነበረበት፤ አልጠረጠረም።

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሲረግጣት፣ ሲለምናት፣ ሲሰድባት እንሰማለን። አንዳንድ ቀን በመጀመሪያው ትነሳለች፤ አንዳንድ ቀን ጎረቤቱ በሙሉ ቁርሱን በልቶ ሥራ እስኪገባ ንቅንቅ አትልም። አባቴ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅኑን ማስክ ከአፉ ፈቀቅ ያደርግና፣ "ተዋት፣ አኩርፋ ነው። ኩርፊያዋ ሲበርድላት ራሷ ትመጣለች" ይለዋል። ከዚያ ሳሉ ይይዘዋል። ለአንዲት ቀልድ ብዙ ሳል ይከፍል ነበር፤ አንድም ቀን ግን ቀልዱን ቆጥቦ አያውቅም።

ዕድሜውን የፈጀው መኪና ቀለም ሲቀባ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አፉን በጨርቅ አስሮ ሲረጭ ይውላል። የሚከላከል ማስክ ይገዛልን ያለ ሠራተኛ ካለ፣ አሠሪው እንደ ቅብጠት ነበር የሚያየው። ማታ ሲገባ የአፍንጫው ቀዳዳ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ብርማ ሆኖ ይመጣል። እኔና ወንድሜ ያን ቀን ምን ዓይነት መኪና እንደቀባ ከአፍንጫው እየገመትን እንስቅ ነበር። አባቴም አብሮን ይስቅ ነበር። ሳንባው ውስጥ ምን እየተቀባ እንደሆነ ማን አይቶ። ለጡረታ ሳይደርስ ሳንባው ቀድሞት ጡረታ ወጣ። ሐኪሙ ቤታችሁ ኦክስጅን ይኑር፣ ቲነርና ቤንዚን የሚባል ነገር ደግሞ አጠገቡ እንዳይደርስ ብሎ አሰናበተን።

ሁለት ሲሊንደር አለን፤ አንዱ አልጋው ሥር ሲሠራ ሌላውን ይዞ ሄዶ ማስሞላት ነው። መሙያው ከድልድዩ ማዶ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። ባለ ታክሲዎቹ ሲሊንደሩን ገና ከሩቅ ሲያዩት መስኮታቸውን ይዘጋሉ። "ጋዝ ነው፣ ይፈነዳል።" ጋዝ አይደለም፣ አየር ነው፣ ሰው የሚተነፍሰው ነው ብትላቸው ማን ሰምቶህ። ስለዚህ የአባቴ ትንፋሽ የሚመላለሰው በምራቱ ጀርባ ነበር። ሲሊንደሩ እግር ማሳረፊያው ላይ በጉልበት መሃል ይቆማል፤ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ይታጠቀው በነበረው ሰፊ ቀበቶ ይታሰራል።

ወንድሜ ሌላ ከተማ ቋሚ ሥራ ሲያገኝ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ከመሄዱ በፊት የሠፈሩ ኳስ ሜዳ ላይ ወስዶ አስተማረኝ።

"ቤንዚን ቀስ ብለሽ ስጪያት። ፍሬኑን አንቀሽ አትያዢ፣ ያዝ ነው የምታደርጊው። ደግሞ አትፍሪ፤ ከፈራሽ ታውቅብሻለች።"

"እንደ ውሻ?"

"እንደ እማዬ።"

እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። የጋለ ብረት ጨብጬ ነው የምውለው፤ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ። ብረት አይደለች፣ ምን ታመጣለች ብዬ ወጣሁባት። አጥሩ ውስጥ ይዛኝ ገባች። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ ኳስ የሚጫወቱት ሁሉ ጨዋታቸውን አቁመው ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። በቀጣዩ ቀን ተመልሼ ወጣሁባት፣ በሳምንቱ መንገድ ገባሁ። ጎበዝ ነጂ ሆንኩ ማለቴ አይደለም፤ መታጠፊያ ላይ እስካሁን ምላሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

ወንድሜ እንደሄደ የአንድ ተከራይ ብስክሌት ከግቢው ተሰረቀ። እናቴ ያን ቀን ውሳኔ አሳለፈች፤ ስኩተሯ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ታድራለች። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኛ። ምራት በሩ አጠገብ ቦታ ተሰጣት። "እሰይ፣ ገና አሁን ቤተሰብ ሆነች" አለ አባቴ። በዚያው ሌሊት ግን ከወትሮው የባሰ ሲያስል አደረ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

እናቴ መፍትሔ ሳታገኝ የምትተኛ ሴት አይደለችም። ከባሏ ሕመም ጋር ትዳር እንደያዘች ሁሉ ነው የሚያደርጋት፤ ለሱ ስትል የማትጠርገው አቧራ፣ የማትደፍነው ቀዳዳ የለም። የስኩተሯን መቀመጫ ከፍታ፣ የነዳጁን ክዳን ፈትታ፣ የታንኩ አፍ ላይ የተቆረጠ ፌስታል ወጥራ፣ ክዳኑን በላዩ ጥርቅም አድርጋ መለሰችው። ከዚያ ዙሪያውን በሳሙና ጨርቅ ጠረገችው። ሽታው ቀነሰ። አባቴ ሳሉ ትንሽ ጋብ አለለትና፣

"የምራቴን አፍ ለጎምሽብኝ?" አላት።

"ይሻላታል። ብዙ ትለፈልፋለች።"

"አማት መሆንሽ አሁን ገና ታወቀ።"

ሦስታችንም ሳቅን። ነዳጅ ስቀዳ ፌስታሉን አወጣለሁ፣ ስጨርስ እመልሳለሁ። ከተቀደደ ወይም ቤንዚን በልቶት ከለሰለሰ ደግሞ እናቴ ማታ አዲስ ትቆርጣለች። ድስት እንደመክደን ያለ ነገር ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አላሰበበትም።

ከዚያ ወዲህ ነው መንገድ ላይ መቆም የጀመረችው። ድሮ ጠባይዋ አለመነሳት ነበር፤ አንዴ ከተነሳች ትሄዳለች። አሁን ትነሳለች፣ ጥሩ ትሄዳለች፣ መሀል መንገድ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን እንደተያዘች ሁለቴ ነጠር ነጠር ብላ ጭጭ። ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ብረግጣት፣ ብረግጣት፣ ወይ ፍንክች። ገፍቼ ዳር አወጣታለሁ፣ ተቀምጬ እናደዳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ስረግጣት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

መካኒክ ወሰድኳት። ሠፈሩ "ቀጭኑ" የሚለው፣ ለወንድሜም ሲሠራለት የኖረ ሰው ነው።

"ቤንዚን አለሽ?" አለኝ።

"ሙሉ ነው።"

"እንግዲያውስ ካርቡሬተሯ ነው።" ፈታው፣ አጠበው፣ ነፋበት። እሳት የሚለኩስላትን ካንዴላዋንም በአዲስ ቀየረልኝ። ከሱቁ በር እስከ መታጠፊያው ነድቷት ተመለሰ፤ እንደ ዘፈን ነበር ድምጿ። በሳምንቱ እንደገና መሀል መንገድ ላይ ቆመችብኝ። ስመልስለት ራሱን እያከከ፣ "እርጅና ነው እህቴ። ይሞቃታል። ስትቆምብሽ አትጣዪያት፣ ጥላ ፈልገሽ አሳርፊያት" አለኝ። ለወንድሜ ስደውል፣ "ድሮስ ጠባይዋ መች ደህና ነበር?" አለ። እናቴ፣ "እኔ ከመጀመሪያውም አላማረችኝም" አለች። አባቴም ኩርፊያ ነው አለ። አየህ፣ አንዴ አኩራፊ ናት ብለን ስም አውጥተንላታል፤ ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቃት ጠፋ። ያመመው ሰው እቤታችን ተኝቶ፣ እሷ አመመኝ ስትል ጠባይ ነው አልናት።

ስለዚህ ማሳረፍ ለመድኩ። መንገዴ ላይ የማርፍባቸውን ጥላዎች አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ሲሊንደር በጉልበቴ መሃል ይዤ ዛፍ ሥር የምቀመጥ የሠፈር ጉድ ሆንኩ።

ያን ቀን ጠዋት አባቴ ደህና አልነበረም። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

"ሽታው፣" አለ። ረጅም አረፍተ ነገር ካቆመ ሰንብቷል። "ሽታው መጣ።"

እኔ ምንም አልሸተተኝም። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ከመድኃኒት ቤት የመጣውን ወፍራም ፌስታል ሁለት እጥፍ አድርጋ ቆረጠች፤ የታንኩ አፍ ላይ ወጠረችው፣ አንገቱን በላስቲክ አሰረችው፣ ክዳኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ዘጋችው። ስትጨርስ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ሸትታ፣ እንደገና ታጥባ ነው ወደሱ የተመለሰችው። የኦክስጅኑንም መክፈቻ ከወትሮው ከፍ አደረገችለት።

"ቶሎ ነይ፣" አለችኝ በር ላይ። "ዛሬ ብዙ እየወሰደ ነው።"

አባቴ ማስኩን ፈቀቅ አደረገ። "ምራቴን... አትስደቢያት።"

ይህን ነው ያለኝ። ከዚህ በኋላ ለኔ ያለው ነገር የለም።

ስሄድ አንዴ ብቻ ቆመችብኝ፤ አሳረፍኳት፣ ከወትሮው ብዙ ቆይታ ተነሳች። መሙያው ጋ ከአንድ ሆስፒታል የመጣ መኪና ቀድሞኝ ሲሊንደር ያራግፋል። "አባቴ ቤት እየጠበቀኝ ነው" ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው "እዚህ የማይጠበቅ የለም" አለኝ። ልማዱ ነበር። ግን እውነቱን ነው፤ የሚያሳብደኝ ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። ተራዬ ደረሰ፣ ሞላልኝ፣ በአባቴ ቀበቶ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ወጣሁ።

ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን እንደጀመርኩ ነጠር ነጠር አለች። "አይ!" አልኩ። "አንቺ ዛሬ አታደርጊውም!" አደረገችው።

ቦታው ጥላ የለውም። በአንድ በኩል የመጋዘን ግንብ፣ በሌላ በኩል ገደል ነው። መጋዘኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የጠርሙስ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ገፍቼ እሳቸው ያሉበት አደረስኳት። አሳረፍኳት፤ ረገጥኳት። አሳረፍኳት፤ ረገጥኳት። ጫማዬ ሶሉ ተገነጠለ። እናቴ ደወለች።

"የት ደረስሽ?"

"ድልድዩን አልፌያለሁ።"

"የሲሊንደሩ መርፌ ቀዩ ላይ ሊደርስ ነው።"

"ትንሽ ቀነስ አድርጊለት።"

"ስቀንስለት እኮ እጄን ይይዘኛል።" ድምጿ እንደወትሮው ነበር፤ እናቴ ስትፈራ አትጮህም፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። "ቶሎ ነይልኝ በቃ።"

አምቡላንስ ደወልኩ። መኪናው ወጥቷል፣ ሲመለስ እንልካለን አሉኝ። ታክሲ አስቆምኩ፤ ሾፌሩ ሲሊንደሩን አየና ሳያቆም ጨመረ። ሌላው ቆመ፣ ወረደ፣ ጠጋ ብሎ አየው፣ "ይቅርታ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ" ብሎ ሄደ። ልሸከመው ፈታሁት፤ እንደ ሰው አቅፌው ጥቂት ተራመድኩና ከበደኝ፣ ዳገቱ ላይ አስቀመጥኩት። እቅፌ ውስጥ ሙሉ ሲሊንደር አየር አለ፤ አባቴ ዳገቱ ማዶ አየር አጥቷል። እንደዚያን ቀን ሰው መሆን አስጠልቶኝ አያውቅም። አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘበኛው ከሳጥናቸው ተነስተው መጡ።

"የኔ ልጅ፣ ነዳጅ አልቆባት ይሆን?"

ይሄን ነገር ባለ መኪናውም፣ እግረኛውም፣ ሕፃኑም በቆምኩ ቁጥር ይለኛል። ሰው ሁሉ ሴት ስኩተር ላይ ሲያይ የሚታየው ነዳጅ መርሳቷ ነው።

"አላለቀም፣ ጋሼ!"

"አይ፣ አንዳንዴ ይረሳል..."

"አልረሳሁም! ይዩ! መጥተው ይዩ!" እንባዬን በእጄ ጠርጌ፣ መቀመጫውን ብድግ አድርጌ፣ ክዳኑን ያዝኩት። አልፈታ አለኝ። እናቴ በሁለት እጇ ነው የዘጋችው። በቀሚሴ ጫፍ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ አዞርኩት። ክዳኑ ሲነሳ ፌስታሉ ተወጥሮ አልነበረም። ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ታንኩ አፍ ውስጥ እንደ ስኒ ጎድጉዶ ገብቷል፤ ከሥር አንድ ነገር ይዞ የሚጎትተው ይመስል ነበር። ላስቲኩን በጥፍሬ በጠስኩት። ፌስታሉን ሳነሳው ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ ማስኩ ወልቆበት ሲመለስለት የሚያሰማው ድምፅ ነው።

"ሙሉ ነው ለካ፣" አሉ ዘበኛው አጎንብሰው እያዩ።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። መሃሉ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። አየር የሚገባባት ቀዳዳ ናት፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ይሄን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ አፉ የተደፈነ ጠርሙስ ውኃ እንደማያወርድ ማንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ማን ጠይቆኝ፣ ማንንስ ጠይቄ። ፌስታሉን ኪሴ ከተትኩት። ሲሊንደሩን ዘበኛው አነሱልኝ፣ አሰርነው። ረገጥኳት። በመጀመሪያው ተነሳች።

እንደዚያን ቀን ነድቼ አላውቅም። ምላሴን አልነከስኩም፣ ፍሬን አልያዝኩም፣ መብራት ጣስኩ። ምራትም እንደዚያን ቀን ሄዳ አታውቅም፤ አንድም ጊዜ ነጠር አላለችም። ባትቆም እንዴት ያለች ነበረች። ይህ ሁሉ ጉልበት እያላት ነው ለካ ጥላ ለጥላ ሳንከራትታት የኖርኩት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መጋረጃው ተሰብስቧል። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የካርቶን ክዳን ይዛ አባቴን ታራግብለታለች። እጇ አያቋርጥም። የአባቴ ዓይን በግማሽ ተከፍቷል፤ አገጩ ወርዷል። አየሁት፤ ገባኝ። እናቴም ገብቷታል፣ ግን እጇ አልቆመም።

"ክፈቺው፣" አለችኝ።

"እማዬ..."

"ክፈቺው አልኩሽ!"

ባዶውን በመፍቻ ፈታሁ፣ ሙሉውን አስገባሁ፣ ከፈትኩ። ኦክስጅኑ ሽውውው እያለ በቱቦው ሄዶ ማስኩን ሞላው። የአባቴ ግራጫ ፂም ማስኩ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሁለታችንም ፂሙን እያየን ቆየን። ልዘጋው እጄን ስልክ እናቴ ያዘችኝ። "ተይው። ይጥገብ" አለችኝ። ጎረቤት ሲገባ፣ ጩኸት ሲጀመር፣ ሰው ሲሞላ፣ ያ ድምፅ ከሥር አልተቋረጠም ነበር። በኋላ ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ከቀብር ስንመለስ፣ ሰዉ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ወንድሜም ደርሶ ጥግ ላይ ፊቱን ሸፍኖ እያለ እናቴ ወደኔ ዞረች።

"ምን ሆና ነው የቆመችብሽ?"

ፌስታሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልብሴን አልቀየርኩም። የቤንዚኑ ሽታ ሲመጣብኝ ሰው የሚሸተው ይመስለኝ ነበር። እናቴን አየኋት። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። የአባቴን አልጋ ስታነጥፍ፣ ትራሱን ስታስተካክል፣ ሌሊት ሳሉን ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። አንቺ ነሽ ልበላት? በምን አፌ?

"ካንዴላዋ ነው፣" አልኩ።

ውሸት ሲቸግርህ የሚመጣልህ የመጀመሪያው ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያስከትል አላሰብኩም። እናቴ ግን ወዲያው ያዘችው።

"ካንዴላ? ያ ቀጭን አዲስ አስገባሁ ብሎ አልነበር?"

ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም መልስ ሆነ።

ቀጭኑ በማግስቱ ለለቅሶ መጣ። የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን በደንብ አሽቶ ታጥቦ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ብቻ ቀርቷል። "እግዜር ያጥናሽ እናቴ" ብሎ ጎንበስ ሲል እናቴ ፊቷን አዞረችበት። "አንተ ነህ፣" አለች ለግድግዳው። "አሮጌ ብረት አዲስ ነው ብለህ ሸጥክላት። ባሌን አፈንክብኝ።" ሰውየው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ሳይቀመጥ ወጣ።

እናቴ ነገር ከያዘች አትለቅም። ለገባ ለወጣው ሁሉ ነገረች፤ ሠፈሩም ተቀባበለው። ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል፣ ወንድሜም ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ስኩተሯን ገፍቼ ወደ ቀጭኑ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቁት ሞተሮች አልነበሩም።

"ምን አደረግኳችሁ?" አለኝ ገና ሳልቆም። "ካንዴላው አዲስ ነበር! ካርቶኑ ሳይቀር አለኝ፤ ላምጣልሽ?"

"አዲስ ነው። አውቃለሁ።"

ነገርኩት። ፌስታሉን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለምን እንዳልጣልኩት እኔም አላውቅም። ተቀብሎኝ አገላበጠው፣ ክዳኗን ፈትቶ ቀዳዳዋን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ከፍቼ አላየሁም፣" አለ። "ቤንዚን አለሽ ስልሽ ሙሉ ነው አልሽኝ። አመንኩሽ። ሌላ ሰው ቢሆን እከፍት ነበር፤ የናንተን ግን... ከልጅነታችሁ ነው የማውቃችሁ።"

"ለእማዬ እነግራታለሁ። ስምህን አጠፋሁ።"

"ነግረሻት ምን ልትሆን?" ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። "እኔ እንደሆንኩ ሠፈር እቀይራለሁ። እሷ ከራሷ የት ትሄዳለች?" ፌስታሉን መለሰልኝ። ፊቱ ግን አልተፈታም። "አንድ ነገር ብቻ። እንዳትመጪብኝ ከእንግዲህ። ስኩተሯንም እንዳታመጪያት፣ አንቺም እንዳትመጪ። ስታዩኝ ሰላም አትበሉኝ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ምራትን የምጠግናት ራሴ ነኝ። ካርቡሬተሯን አጥባለሁ፣ ካንዴላዋን እጠርጋለሁ፣ ስትነጥር ከድምጿ ምን እንደጎደላት አውቃለሁ። ላውንደሪው ልብስ አመላላሽ አድርጎኛል፤ ቀኑን ሙሉ እንሮጣለን፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆማብኝ አታውቅም።

እቤት ግን አሁንም በሩ አጠገብ ታድራለች። ከሞቱ በኋላ መጀመሪያ ያስገባኋት ማታ እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከባዶው አልጋ ጠርዝ ተነስታ መጣች። መቀስ ይዛለች። አዲስ ፌስታል ቆረጠች።

"እማዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሽታው አባትሽን..." አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ። መቀሱን ታስቀምጠዋለች ብዬ ነበር። መቀመጫውን ከፍታ፣ ክዳኑን ፈትታ ወጠረችው፤ በላስቲክ አሰረችው፣ ዙሪያውን በሳሙና ጨርቅ ጠረገችው። ስትጨርስ ፊቷ ላይ ከሞቱ ወዲህ ያላየሁት ዕረፍት ነበር። "እሱን እንኳ ቤንዚን ሳይሸተው ነው የሸኘሁት፣" አለችኝ። "ይሄ ነው የሚያጽናናኝ።"

"አዎ እማዬ፣" አልኳት።

ጠዋት ከግቢው ስወጣ፣ ግንቡ ጥግ ላይ አቆማትና ፌስታሉን አውልቄ፣ አጣጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ። ማታ ስመለስ እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ እንደነበረ መልሼ አስረዋለሁ። እናቴ ከመተኛቷ በፊት መቀመጫውን ብድግ አድርጋ ታያለች።